ኮምፓክት ኤስ ዩ ቪ ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን ዘር ማንዘር ቁጠሩ

አንድ ጓደኛዬ ሶስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፣ ሀዩንዳይ ቱሳን ልግዛ ወይስ ኪያ ስፖርቴጅ እያለ፣ ቪድዮ ያያል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ የዚህን ጥሩ የዚያን መጥፎ እያለ ይጽፋል፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ ሲመጣ ሳቄ አመለጠኝ። "አንተ እኮ የምታማርጠው ወንድማማቾችን ነው" አልኩት። ኪያ በ1997 ከስሮ በ1998 ሀዩንዳይ ነው የገዛው፣ ዛሬም ከኪያ ሲሶ ያህሉን ድርሻ የያዘው ሀዩንዳይ ነው፣ ሁለቱ መኪኖች ከስር ያለው አጥንታቸው፣ ሞተራቸው፣ ካምቢዮአቸው ካንድ ቤት የወጣ ነው። ጓደኛዬ ወረቀቱን እያየ ዝም አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳታምታቱብኝ።)

ከዛ ቀን ጀምሮ መኪና ልገዛ ነው ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ፊት ላይ የተለጠፈውን አርማ ተዉትና መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ እወቁ። እንዴት እንደሚደረግ በተራ በተራ ልጻፈው።

ደረጃ 1፦ ከብራንድ በፊት ሜትር

ይሄ አጭር ነው። ኮምፓክት የሚባለው የኤስ ዩ ቪ (ከመሬት ከፍ ያለ የቤት መኪና) ክፍል በግምት ከ4.2 እስከ 4.7 ሜትር ርዝመት ያለው ነው፣ ሱዙኪ ቪታራ ወደ 4.2፣ ኒሳን ካሽካይ ወደ 4.4፣ ቶዮታ ራቭ ፎር ወደ 4.6። ግማሽ ሜትር ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፣ መኪናውን አጭር ቦታ ላይ ለማቆም ሲሞከር ግን የት እንዳለች ትታወቃለች። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ መኪናው የሚያድርበትን ቦታ ለኩ፣ ግራና ቀኝ በር የሚከፈትበትን ጨምሩ፣ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ዘወትር ስንት ሰው እንደሚጫን፣ ምን አይነት መንገድ ላይ እንደሚሄድ ጻፉና እለፉ።

ደረጃ 2፦ የዘር ሐረጉን ሳሉ

ወረቀት አምጡና የምታስቧቸውን አራት አምስት መኪኖች ጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር ፕላትፎርም እንደሚጋራ ጻፉ። ፕላትፎርም የሚሉት ከስር ያለው አጥንት ነው፣ ወለሉ፣ ሞተሩ የሚያርፍበት፣ ጎማው የሚታሰርበት፣ አብዛኛው የኤሌክትሪክ መስመርም አብሮት ይሄዳል። ላዩ ላይ ያለው ቆርቆሮና መብራት ልብስ ነው በሉት።

ዝምድናው ግን ሁሉም አንድ አይነት አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

አንደኛው አይነት ጠቅላላ አንድ ቤት የሆኑት ናቸው። ስቴላንቲስ ለምሳሌ ጥር 2021 ላይ ፊያት ክራይስለርና የፔዦ ሲትሮየን ግሩፕ ተዋህደው የተፈጠረ ነው፣ ሲጀመር 14 ብራንድ ነበረው፦ ጂፕ፣ ፔዦ፣ ሲትሮየን፣ ኦፔል፣ ፊያት፣ አልፋ ሮሜዮ፣ ዶጅ እያለ ይቀጥላል። ፎልክስዋገንም እንደዚሁ ነው፣ አውዲ፣ ስኮዳ፣ ሲያት፣ ኩፕራ ሁሉም እዛ ቤት ናቸው፣ የፎልክስዋገኑን ቲጓን የሚገዛ ሰው ስኮዳ ካሮክን፣ ሲያት አቴካን፣ አውዲ ኪው 3ን ሳያይ መወሰን የለበትም ባይ ነኝ፣ ሁሉም የተሰሩት ኤም ኪው ቢ በሚባለው አንድ አጥንት ላይ ስለሆነ።

ሁለተኛው ቤታቸው ለየብቻ ሆኖ ድርሻ የተለዋወጡ ናቸው። ሬኖና ኒሳን ከ1999 ጀምሮ አብረው ናቸው፣ ሚትሱቢሺ በ2016 ተጨመረ፣ ኒሳን 34 በመቶውን ሲገዛ ማለት ነው። በ2023 ሬኖና ኒሳን ስምምነቱን አስተካክለው እኩል አደረጉት እንጂ አሁንም መኪና ይጋራሉ፣ አዲሱ ኒሳን ኤክስ ትሬይልና ሚትሱቢሺ አውትላንደር ከስር አንድ ናቸው። ቶዮታም ሱባሩ ውስጥ 20 በመቶ ገደማ፣ ማዝዳና ሱዙኪ ውስጥ ደሞ 5 5 በመቶ ገደማ አለው፣ ይሄ ማለት ግን ማዝዳ ሲ ኤክስ 5 የራቭ ፎር ወንድም ነው ማለት አይደለም፣ ማዝዳ ሞተሩንም አጥንቱንም የራሱን ነው የሰራው። ድርሻ አለው ሲባል ወዲያው "ያው ቶዮታ ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ በሉና ዝም በሉት።

ሶስተኛው አንድ መኪና ብቻ የተዋዋሱ ናቸው። ሱዙኪ አክሮስ የሚባል አለ፣ በ2020 የወጣ፣ እሱ የምር ራቭ ፎር ነው፣ አፍንጫውና አርማው ተቀይሮ። እዚህ ላይ "ያው ቶዮታ ነው" ቢላችሁ እውነቱን ነው።

አሁን ስለ ዜና አንድ ነገር። ታህሳስ 2024 ላይ ሆንዳና ኒሳን ሊዋሀዱ ነው ተብሎ ዓለም ተንጫጫ፣ የካቲት 2025 ላይ ንግግሩ ፈረሰ። ሁለት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላውም። በዛ መሀል "ኒሳን ካሁን በኋላ ሆንዳ ሊሆን ነው" ብሎ ለመግዛት የቸኮለ ሰው አውቃለሁ፣ ለመሸጥ የቸኮለም እንደዛው። ውህደቱ ቢሰምር እንኳ አንድ ሞዴል ተነድፎ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል፣ ዛሬ መሸጫ ውስጥ የቆመው መኪና ከተፈረመው ወረቀት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስለዚህ ዘር ሐረግ ስትስሉ የሚቆጠረው ያለቀ ጋብቻ ነው፣ ሽምግልና የተላከበት አይቆጠርም።

ደረጃ 3፦ ስሙ ሳይቀየር መኪናው የተቀየረበትን ዓመት ፈልጉ

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ኦፔል ሞካ የሚባለውን ውሰዱ። የመጀመሪያው ሞካ በ2012 የወጣው ኦፔል የጀነራል ሞተርስ ልጅ እያለ ነው፣ ወንድሙ ሸቭሮሌ ትራክስ ነበር። 2017 ላይ ጀነራል ሞተርስ ኦፔልን ለፔዦ ግሩፕ ሸጠው፣ እና በ2020 የመጣው አዲሱ ሞካ ከስር ፔዦ 2008 ነው (2008 እዚህ ጋ የመኪናው ስም ነው፣ ዓመት አይደለም)። ስሙ ሞካ፣ አርማው ያው መብረቅ፣ ነገር ግን የፊቱ ሞካ ካሁኑ ጋር በዘር አይገናኝም፣ አንድ ብሎን እንኳ ይዋሳሉ ብዬ አልወራረድም። "ሞካ ነበረችኝ ጥሩ ነበረች" የሚል ሰው ምክር ስትሰሙ የስንት ዓመት ሞካ ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ምክሩ ለሌላ መኪና ነው።

ሚትሱቢሺ ኤ ኤስ ኤክስም እንደዛ ሆኗል። በ2010 የወጣው የሚትሱቢሺ የራሱ ስራ ነበር፣ አውሮፓ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ በዛ ስም የሚሸጠው ግን ሬኖ ካፕቹር ነው፣ ስፔን ውስጥ ሬኖ ፋብሪካ የሚገጣጠም። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ጃፓን ስለሆነ ብሎ የሚገዛ ሰው ፈረንሳይ ገዝቶ እንደሚገባ ይወቀው።

ደሞ ጋብቻው ፈርሶ ልጁ የሚቀርበት አለ። ዳይምለርና ክራይስለር በ1998 እኩል ለእኩል ተዋሃድን ብለው በ2007 ተፋቱ፣ በዛ ጊዜ መሀል ዳይምለር ሚትሱቢሺ ውስጥም እጁ ነበረበት፣ ከዛ ትርምስ የተወለደው አንዱ በ2006 የወጣው የመጀመሪያው ጂፕ ኮምፓስ ነው፣ አጥንቱ ከሚትሱቢሺ ጋር በጋራ የተሰራ። ቀጣዩ ኮምፓስ የፊያት ዘር ነው፣ የ2025ቱ ደሞ ከአዲሱ ፔዦ 3008 ጋር ይጋራል። አንድ ስም ሶስት አባት ማለት ይሄ ነው!

ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ ከሞዴሉ ስም ጎን ትውልዱን ጻፉ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት የተሰራ እንደሆነ። ቪድዮም ሆነ ምክር ስታዩ ከዛ ዓመት ውጭ የሆነውን ዝለሉት።

ደረጃ 4፦ ህመሙም በዘር ይሄዳል

ወንድማማች መሆናቸው ጥቅሙ ብቻ አይደለም፣ አንዱ ያለበት በሽታ ሌላውም ላይ አለ። በጣም የታወቀው ምሳሌ 1.2 ፒዩርቴክ የሚባለው ባለ ሶስት ሲሊንደር ሞተር ነው። ይሄ ሞተር የፔዦ ግሩፕ ስራ ነው፣ ከዛ በኋላ ፔዦ 2008 እና 3008 ውስጥ፣ ሲትሮየን ውስጥ፣ ኦፔል ሞካ እና ግራንድላንድ ውስጥ ገባ። የሞተሩ ቺንጋ የሚሽከረከረው ዘይት ውስጥ ነው፣ የቺንጋው ጎማ በጊዜ ብዛት ያብጥና ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው ወርዶ ዘይት የሚስበውን ማጥለያ ይደፍነዋል፣ ዘይት ያልደረሰው ሞተር ደሞ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ስቴላንቲስ በ2024 አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ችግር ሽፋኑን ወደ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር አራዝሞታል፣ ሰርቪሱ በወቅቱ የተደረገ ከሆነ። በኋላ የመጣው የሃይብሪዱ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው) ሞተር ቺንጋውን ትቶ በሰንሰለት ተሰርቷል።

ያገለገለ እንደዚህ አይነት ካያችሁ ቀላል ነገር አለ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የዘይቱን መሙያ ክዳን ክፈቱና በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ እዩ፣ ቺንጋው ይታያል። ጠርዙ ከተበላ፣ ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ፣ ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉና አመስግናችሁ ሂዱ። መካኒኮች የቺንጋውን ስፋት እዛው ቀዳዳ ላይ የሚለኩባት ትንሽ መለኪያም አለቻቸው፣ ካበጠ አይገባባትም።

ካምቢዮም እንደዛው ነው። ሲ ቪ ቲ የሚባለውን ካምቢዮ ለኒሳን፣ ለሚትሱቢሺ፣ ለሌሎችም የሚሰራው ጃትኮ የሚባል ድርጅት ነው፣ ትልቁ ባለድርሻው ኒሳን። ሲ ቪ ቲ ማርሽ የለውም፣ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊ መሀል ነው የሚንሸራተተው፣ ስለዚህ ስትሞክሩት ገና ከመነሳታችሁ ደህና ነው አትበሉ፣ ሀያ ደቂቃ ንዱትና ይሙቅ፣ ከዛ ዳገት ላይ ቁሙና ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ከተንቀጠቀጠ፣ ሞተሩ ጮሆ መኪናው ወደ ኋላ ከቀረ፣ በቃ። ዘይቱ ደሞ ዕድሜ ልክ አይቀየርም የሚሉ አሉ፣ የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይናገሩም። የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ካምቢዮ ደሞ መንገድ ክፍት ሲሆን ደስ ይላል፣ ተጨናንቆ ቆም ሄድ ቆም ሄድ ሲሆን ግን በተለይ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ይሞቃል። እኔ ብጠየቅ ብዙ ጊዜ መንገድ ተዘጋግቶ የሚውል ሰው የድሮውን አይነት ኦቶማቲክ ወይም የቶዮታን ሃይብሪድ ይውሰድ እላለሁ፣ አስተያየት ነው፣ ካልተስማማችሁ ግዴለም።

ደረጃ 5፦ መለዋወጫውን ሳትገዙ ፈልጉ

የወንድሜ መኪና ከራዲያተሩ የሚመጣው ውሃ የሚያልፍባት የፕላስቲክ ቤት ተሰነጠቀች፣ ትንሽ ነገር፣ የእጅ መዳፍ የምታክል። ብራንዱ ጋ ስንጠይቅ ታዘዘ ተባልን፣ ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድናት። ሰውዬው የተሰበረችውን ገለበጧት፣ በጨርቅ ጠረጓት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጓትና "እዩ፣ እዚህ ጋ ተፍቋል" አሉን። የምር ከቁጥሩ አጠገብ ጥፍር የምታክል ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ተፍቆ ሻካራ ሆኗል፣ ስር ያለው ግን አልጠፋም፣ የሌላ ኩባንያ አርማ ነው። ቁጥሩን በዛኛው ብራንድ ስም ስንፈልግ እቃዋ በሌላ ካርቶን ውስጥ ሱቅ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ ዋጋዋም ከተጠየቅነው ግማሹን አይሞላም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሶስት እቃ መርጣችሁ ዋጋና የሚመጣበትን ጊዜ ጠይቁ፦ የፊት መብራት፣ የፊት አሞርዛተር፣ የፍሬን ሸራ። መብራቱ ልብስ ስለሆነ ከወንድሙ አይገኝም፣ የራሱን ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ለዛ ነው መጀመሪያ የጻፍኩት። አሞርዛተሩና ሸራው ግን ከወንድሙ ጋር ቁጥሩ አንድ ሊሆን ይችላል፣ በቁጥር እንጂ በስም አትፈልጉ።

ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ብራንድ ሲሆን ይሄ ደረጃ ከሁሉ ይበልጣል። ጀነራል ሞተርስ ሳብ የሚባለውን የስዊድን ብራንድ በ2010 ሸጠው፣ ታህሳስ 2011 ላይ ሳብ ከሰረ። ሸቭሮሌ ደሞ ከአውሮፓ ገበያ እወጣለሁ ያለው በ2013 መጨረሻ ነው፣ ካፕቲቫ የሚባለው የሸቭሮሌ መኪና ያለው ብዙ ሰው ያኔ ደንግጧል፣ ግን ካፕቲቫ ወንድም ነበረው፣ ኦፔል አንታራ፣ ዘር የሚያውቅ መካኒክ ያለው ሰው ብዙ አልተቸገረም። ባለቤቱ ሄዶ ወንድሙ ካለ ይቻላል። ሁለቱም ከሌሉ መኪናው የቱንም ያህል ቢረክስ እኔ አልነካውም።

የቻይናዎቹም ዘር አላቸው፣ ሰው ግን ሁሉንም "ቻይና" ብሎ ይጠቀልለዋል። ኤም ጂ አርማው የእንግሊዝ ይሁን እንጂ ባለቤቱ ሳይክ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ነው። ቮልቮ ከ2010 ጀምሮ የጂሊ ነው፣ ከፎርድ ገዝቶት፣ ኤክስ ሲ 40 ከጂሊው ሊንክ ኤንድ ኮ 01 ጋር አጥንት ይጋራል። ኦሞዳ፣ ጄኩ፣ ጄቱር የቼሪ ናቸው፣ ሀቫል የግሬት ዎል። አዲስ ስም ሲመጣ ከኋላው ያለው ቤት ስንት ዓመት ሰርቷል፣ እቃውን ማን ያመጣል ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ወንድማማቾቹን ባንድ ቀን ንዱ

ዛሬ አንዱን፣ ሳምንት ሌላውን ከሆነ ትዝታ ነው የምታወዳድሩት። ባንድ ቀን፣ ባንድ መንገድ፣ ተመሳሳይ ሰው ጭናችሁ ንዱ። አጥንቱ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፦ መቀመጫው፣ የሞላው ጥንካሬ፣ የኋላ መስኮቱ ጥበት፣ ማቀዝቀዣው በቁልፍ ነው ወይስ ስክሪን ውስጥ ገብቶ ነው የሚፈለገው። ዋስትናውም ይለያያል፣ አውሮፓ ውስጥ ኪያ 7 ዓመት ሲሰጥ ሀዩንዳይ 5 ነው ግን ኪሎ ሜትር አይገድብም፣ በየሀገሩ ስለሚለያይ የራሳችሁን ወረቀት አንብቡ።

ከኋላ ሻንጣ መጫኛው ስር ያለውን ወለል አንሱት። ቅያሪ ጎማ አለ? ብዙዎቹ አሁን ትንሽ ፓምፕና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ብቻ ነው የሚሰጡት፣ ማጣበቂያው ምስማር የበሳውን ይደፍን ይሆናል፣ ጎኑ የተቀደደ ጎማን ግን አያድንም።

ስለ አራት ጎማ መንዳትም ሻጩን አትመኑ። አብዛኛው ኮምፓክት በፊት ጎማ ነው የሚሄደው፣ ሲያንሸራትት ብቻ ነው የኋላው የሚረዳው። ራቭ ፎር ሃይብሪድ ላይ የኋላውን የሚያዞረው ለብቻው ያለ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፍ ዘንግ የለውም። ሱባሩ ፎረስተር ደሞ ሁሌም በአራቱ ነው፣ ከመሬት ከፍታውም 22 ሴንቲ ገደማ። ጭቃ የማያውቀው ሰው ለዚህ መክፈል የለበትም፣ በዛ ብር ጥሩ ጎማ ይግዛ።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ከሆነ ቁጥሮቹን አንብቡ

የቻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው፣ የጃፓን የሀገር ውስጥ ገበያ መኪና ካልሆነ፣ የእነሱ አጭር ነው። የመጀመሪያው ፊደል ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ኬ ኮሪያ፣ ኤል ቻይና፣ ደብሊው ጀርመን፣ 1 ወይም 4 ወይም 5 አሜሪካ። ለአሜሪካ ገበያ የተሰራ ላይ አስረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፣ ኤል 2020፣ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ሌሎቹ ላይ ግን ሁሌ አይሰራም። ለዛ ነው ወደ መቀመጫ ቀበቶው የምሄደው፣ እስከ መጨረሻው ሳቡትና ከስሩ የተሰፋችውን ጨርቅ እዩ፣ የተመረተበት ቀን ብዙ ጊዜ እዛ ላይ አለ። ጎማው ጎን ላይ ደሞ ዲ ኦ ቲ ከሚለው በኋላ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፣ 3521 ካለ የ2021 ሰላሳ አምስተኛ ሳምንት ነው። "ብዙ አልተነዳም፣ 20,000 ብቻ" ተብላችሁ አራቱም ጎማ ከመኪናው ሁለት ዓመት የሚያንስ ከሆነ፣ ያን ያህል ቶሎ ጎማ ያስጨረሰው ምን እንደሆነ ይንገሯችሁ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ሁለቱንም ባንድ ቅዳሜ ነዳቸው፣ እናቱን ከኋላ አስቀምጦ። ሞተር ቢሉ ካምቢዮ ልዩነቱን አላገኘውም። እናቱ ግን ካንደኛው ሲወርዱ የበሩን እጀታ ይዘው ትንሽ ቆም አሉ፣ ከሌላኛው እያወሩ ወረዱ። ያቺኛዋን ገዛ፣ ወረቀቱ ላይ የትኛዋ በልጣ እንደነበር አሁን ብትጠይቁት አያስታውስም።